«ባክቴሪያ ይገድላል» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ናኖ ቅንጣትና ስለ ጥርስ ሥር ሕክምና



የጥርስ ሕመም ይዞት ያደረ ሰው ሌሊት ምን ያህል ረዥም እንደሆነ ያውቃል። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ባለፈው ሰሞን እንዲህ ሆኖ አድሮ ነበር። አንዱ «ቅርንፉድ ያዝበት» አለው፤ ሌላው «በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ» አለው፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሐኪሞቹም እኮ የሚጨምሩት በረኪና ነው፤ ትንሽ ጠብ አድርግበት» ብሎ መከረው። ደግነቱ ይህን የመጨረሻውን ምክር አልሰማም። ሲነጋ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄደ፤ የጥርሱ ሥር ተጠርጎ፣ ታጥቦና ተሞልቶለት ዛሬ በዚያው ጥርስ እየበላ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አንዱ ጓደኛችን «አሁን በረኪናውም ሊቀር ነው፤ ከብር የተሠራ ናኖ የሚባል መድኃኒት ወጥቶ ባክቴሪያን 99 በመቶ ይገድላል» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ክርክር ተነሣ። ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ «ወሬ ነው» ብሎ ተወው። እኛ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ነገር እንደዘለለ ታየን። «ባክቴሪያ ይገድላል» የሚለው አባባል ማሰሪያ አንቀጽ አለው እንጂ ሐሳቡ ገና አልታሰረም። የት ቦታ ይገድላል? በስንት ጊዜ ውስጥ? ከምን ጋር ተወዳድሮ? የሰውየውን ሥጋስ ሳይጎዳ ነው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ማጨብጨብም ሆነ መናቅ የመምህር ሥራ አይሆንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አዲሱ መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጥርስ ከውስጡ ሲታይ

ብዙዎቻችን ጥርስን እንደ ጠጠር ድፍን አድርገን እናስበዋለን። ድፍን ግን አይደለም። ከላይ ኤናሜል የሚባል እጅግ ጠንካራ ሽፋን አለ። ከእሱ ቀጥሎ ዴንቲን የሚባለው አጥንት መሰል ክፍል ይገኛል። በመሐሉ ደግሞ ፐልፕ የሚባል የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። በተለምዶ «ነርቩ ተነካ» ስንል የምንናገረው ስለዚሁ ነው። ፐልፑ ከጥርሱ አናት ተነሥቶ በሥሩ ውስጥ ባለ ጠባብ ቦይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ እዚያም በትንሽ ቀዳዳ በኩል በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ካለው ሥጋ ጋር ይገናኛል። የጥርስ ሥር ቦይ የሚባለው ይህ ነው።

ቦይ ሲባል ቀጥ ያለ ቧንቧ የሚመስለን ካለ ተሳስተናል። ይጎብጣል፤ ይጠባል፤ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያወጣል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን የግድግዳው ነገር ነው። ዴንቲን በደቃቅ ቱቦዎች የተበሳሳ ነው። ፐልፑን በሚያዋስነው በኩል በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የእነዚህ ቱቦዎች ቁጥር በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የአንዱ ቱቦ ስፋት ከ1 እስከ 2.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ማይክሮ ሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ወርዳቸው 1 ማይክሮ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ በቱቦው ውስጥ መግባት ይችላሉ። ጥያቄው የሚያጠባቸው ውሃ ተከትሏቸው መግባት ይችላል ወይ ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው?

ቀድሞ በብዙ አገር፣ በእኛም ዘንድ፣ ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባል ነበር። በርሊን ከተማ ይሠራ የነበረ ዊሎቢ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በአፍ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሐዋስያን አንድ መጽሐፍ አሳተመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም በኋላ በሞተ ፐልፕ ውስጥ ባክቴሪያ እንደሚገኝ አሳየ። ይሁን እንጂ ባክቴሪያ እዚያ መገኘቱ ብቻ ጥፋተኛ አያደርገውም። ሬሳ ላይ ዝንብ ቢገኝ ገዳዩ ዝንቡ ነው አይባልም እኮ!

ቁርጡን ያሳወቀው በ1965 የወጣው የካኬሃሺ፣ የስታንሊና የፊትዝጀራልድ ሙከራ ነበር። እነዚህ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት አይጦች ወሰዱ። አንደኞቹ እንደማንኛውም አይጥ በአፋቸው ውስጥ ባክቴሪያ አላቸው። ሁለተኞቹ ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ዝግ ሥፍራ ያደጉ ናቸው። የሁሉንም ጥርስ ሰርስረው ፐልፑን ገለጡትና እንደተከፈተ ተዉት፤ ምግብም ገባበት። ባክቴሪያ ባላቸው አይጦች ፐልፑ መግል ይዞ ሞተ። ባክቴሪያ በሌላቸው ግን ፐልፑ አልሞተም፤ እንዲያውም ቁስሉን በአዲስ ዴንቲን መድፈን ጀመረ። ቁስሉ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ልዩነቱ ባክቴሪያ ብቻ። እንግዲህ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እጩ መምህራን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ሙከራውን ጠንካራ ያደረገው ያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ አይደለም። ከአንዱ ነገር በስተቀር ሌላው ሁሉ እኩል መደረጉ ነው። ይህን ሐሳብ ከያዝን የሚቀጥለው ሁሉ አይከብደንም።

በረኪናና ጉድለቱ

ጓደኛችን «ሐኪሞቹ የሚጨምሩት በረኪና ነው» ያለው ከሞላ ጎደል እውነት ነው። በበረኪና ውስጥ የሚሠራው ንጥረ ነገር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሄንሪ ዳኪን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስትና አሌክሲስ ካሬል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም 0.5 በመቶ ያህል ሆኖ በተበጠበጠ ሃይፖክሎራይት የወታደሮችን ቁስል ያጥቡ ነበር። ቆይቶም ወደ ጥርስ ሥር ሕክምና ገባ። ዛሬም ሐኪሞች ከ0.5 እስከ 6 በመቶ በሚደርስ መጠን ይጠቀሙበታል፤ ዋናው ማጠቢያም እስካሁን እሱ ነው። ባክቴሪያን ይገድላል፤ የሞተውንም ሥጋ ያሟሟል። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያደርግ ሌላ ማጠቢያ በቀላሉ አይገኝም።

ታዲያ ምን ጎደለው? የሞተውን ሥጋ የሚያሟሟ ነገር ሕያው የሆነውንም አይምርም። ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ አጥንቱ ከፈሰሰ ብርቱ ሕመምና እብጠት ያመጣል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ጥርሱን በስስ ላስቲክ ከሌላው አፍ ለይቶ፣ በቀጭን መርፌ፣ ቀስ እያለ የሚያጥበው። እቤት የተቀመጠ በረኪና በጥርስ ላይ ጠብ ማድረግ ግን ድድንና ጉሮሮን ማቃጠል ነው፤ ከሥሩም አይደርስም። ይህን የሚመክር ጓደኛ ካለ ቶሎ ዝም ይበል።

ሁለተኛው ጉድለት የቦታ ነው። ማጠቢያው ዋናውን ቦይ ያጥባል፤ ወደ ደቃቁ ቱቦ ጠልቆ ሲገባ ግን ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል። አንዱ ምክንያት ዴንቲኑ ራሱ ነው፤ ብዙዎቹ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከዴንቲን ጋር ሲነካኩ ኃይላቸው እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል።

ሦስተኛው የጠላት ዓይነት ነው። ኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ የሚባል ክብ ባክቴሪያ አለ፤ ዋና መኖሪያው አንጀት ነው። ሕክምናው ሳይሳካ በቀረ ጥርስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ረሃብ ይችላል። በሥሩ ውስጥ ለቀናት የሚቀመጠውን የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ መድኃኒት፣ ማለትም ከተቦካ ኖራ ጋር አንድ የሆነውን ነገር፣ ይቋቋማል። በ1987 ሃፓሳሎና ኧርስታቪክ የተባሉ ሁለት የሰሜን አውሮፓ ተመራማሪዎች የከብት ጥርስ ወስደው ቱቦዎቹን በዚህ ባክቴሪያ አስያዙ። ከዚያ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን ቢያስቀምጡበት በላይኛው የቱቦው ክፍል ያለውን እንኳ ሊያጠፋው አልቻለም።

ናኖ ቅንጣት ምንድነው?

አንድን ማይክሮ ሜትር እንደገና ለአንድ ሺህ ብንከፍለው ናኖ ሜትር እናገኛለን። ናኖ ቅንጣት የምንለው ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ብናኝ ነው። ለጥርስ ሥር ሲፈተኑ ከቆዩት መካከል ብር (ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለታችን ነው)፣ ዚንክ ኦክሳይድ፣ እንዲሁም ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣው ኪቶሳን ይገኛሉ።

ማነሱ ለምን ይጠቅማል? በድንች እንየው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ድንች ስድስት ፊት ስላለው የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ድንች ጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር በሆኑ ኩቦች ብንከትፈው 1,000 ኩብ ይወጣዋል፤ የገጹ ድምር 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ድንቹ አልጨመረም፤ ገጹ ግን አሥር እጥፍ ሆነ። እያንዳንዱን ኩብ 10 ናኖ ሜትር እስኪሆን መክተፍ ብንችል ደግሞ የገጹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህም ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል። መድኃኒት ከባክቴሪያ ጋር የሚነካካው በገጹ ስለሆነ፣ ብዙ ገጽ ማለት ብዙ መነካካት ማለት ነው።

የሚገድሉበትም መንገድ አለ። የባክቴሪያ የውጭ ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ የኪቶሳን ቅንጣት ደግሞ ፖዚቲቭ ነው። ስለሚሳሳቡ ቅንጣቱ ይለጠፍበትና ሽፋኑን ያውከዋል። ብር ደግሞ አዮኑን እየለቀቀ ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ ሥራቸውንም ያስቆማል። መድኃኒቱ በአንድ በኩል ብቻ ስለማያጠቃ ባክቴሪያው በቀላሉ ላይለምደው ይችላል የሚል ተስፋም አለ።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ነገሩ አለቀ፤ ትንሽ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ይገድላል» ይል ይሆናል። እስቲ በጤፍ እንለካው። 20 ናኖ ሜትር የሆነውን ቅንጣት 1 ሚሊ ሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ አድርገን እናስበው። በዚያው ልክ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነው ባክቴሪያ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት አንዲት ሎሚ ያህላል። 2 ማይክሮ ሜትር የሆነው ቱቦ የ10 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ ይሆናል። ታዲያ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የቱቦው ርዝመትስ? 50 ሜትር! ጤፍ በ10 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ አፍ መግባቷ አያከራክርም። በውሃ በተሞላ፣ መውጫ በሌለው፣ 50 ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚያደርሳት ማን ነው? ትንሽነት መግቢያ ይሆናል እንጂ መንገድ አይሆንም። ስለዚህ መፈተን ያስፈልጋል።

ፈተናው እንዴት ይካሄዳል?

አንደኛ፤ በብልቃጥ ውስጥ። ተመራማሪው ብልቃጦችን ይደረድርና በያንዳንዳቸው የባክቴሪያ ምግብና እኩል ባክቴሪያ ያደርጋል። መድኃኒቱን በመጀመሪያው ብልቃጥ ሙሉ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው ሩብ እያለ ይቀንሳል። በማግስቱ የደፈረሰው ባክቴሪያ የበዛበት፣ የጠራው ያልበዛበት ነው። ከእነዚህ ሌላ ሁለት ብልቃጦች የግድ ይኖራሉ። በአንደኛው መድኃኒት የለም፤ መደፍረስ አለበት። ካልደፈረሰ ባክቴሪያው ቀድሞውንም ሞቶ ነበር ማለት ነው። በሁለተኛው ባክቴሪያ የለም፤ መጥራት አለበት። ከደፈረሰ ሥራው ንጽሕና ጎድሎታል። በተለይ በናኖ ቅንጣት ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብናኙ ራሱ ውሃውን ሊያደፈርሰው ይችላል። ስለዚህ በዓይን አይቶ መፍረድ አይበቃም፤ ከብልቃጡ ጥቂት ወስዶ በምግብ ሳህን ላይ ማብቀልና መቁጠር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ በባዮፊልም ላይ። ውሃ የቆየበት ጀሪካን ውስጡ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይይዛል። በውሃ ብናለቀልቀው አይለቅም፤ ጠጠር ጨምረን ስንንጠው ነው የሚለቅ። ባክቴሪያም በጥርስ ሥር ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ በውስጡ ይኖራል፤ ባዮፊልም ይባላል። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት የኪቶሳንና የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶችን ፈትኖ ነበር። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ባክቴሪያ በሙሉ ጠፋ። በባዮፊልም ውስጥ ያለው ግን ከ72 ሰዓት በኋላ እንኳ የተረፈ ነበረው። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ውጤት! በብልቃጥ ፈተና ብቻ የቆመ ሰው የሚነግረን ግማሹን ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፤ በተነቀለ ጥርስ ውስጥ። በሌላ ምክንያት የተነቀሉ ጥርሶች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ይሰበሰባሉ። በእንፋሎት ሙቀት ይመከናሉ፤ ከዚያ ባክቴሪያ ገብቶባቸው ባዮፊልም እስኪሠራ፣ ለምሳሌ ሦስት ሳምንት፣ ይቆያሉ። ከዚያ በዕጣ በየምድቡ ይከፈላሉ። አንዱ ምድብ በአዲሱ መድኃኒት፣ አንዱ በሃይፖክሎራይት፣ አንዱ በጨው ውሃ ብቻ ይታጠባል። የጨው ውሃው ለምን? ማጠብ ራሱ ጥቂት ባክቴሪያ ጠርጎ ስለሚያወጣ ነው። የመድኃኒቱ ድርሻ የሚታወቀው የውሃው ድርሻ ሲቀነስ ነው።

ከታጠበ በኋላ ያለውን መቁጠርም ዘዴ ይጠይቃል። በተመከነ የወረቀት ቀሰም ከቦዩ እርጥበት መጥጦ ማብቀል አንዱ መንገድ ነው፤ ሆኖም ወረቀቱ ዋናውን ቦይ እንጂ ቱቦዎቹን አይነካም። ሌላው መንገድ ጥርሱን ቆርጦ፣ ሕያው ባክቴሪያን አረንጓዴ፣ ሙቱን ቀይ በሚያደርግ ቀለም ነክሮ፣ በሌዘር ማይክሮስኮፕ በየጥልቀቱ ማየት ነው። አንድ ስውር ስህተትም አለ፤ ከጥርሱ ናሙና ሲወሰድ መድኃኒቱ አብሮ ተቀድቶ በምግብ ሳህኑ ላይ መግደሉን ሊቀጥል ይችላል። ያን ጊዜ በጥርሱ ውስጥ በሕይወት የነበረው ባክቴሪያ ሙት ተብሎ ይመዘገባል። ይህ እንዳይሆን መድኃኒቱን በዚያው ቅጽበት የሚያመክን ነገር ይጨመራል፤ ለሃይፖክሎራይት ሶዲየም ታዮሰልፌት ይሆናል።

አራተኛ፤ በሕያው ሕዋስ ላይ። ባክቴሪያን የሚያውክ ብናኝ የሰውንም ሕዋስ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሰው ሕዋሳት ላይ በያንዳንዱ መጠን ይሞከራል፤ ባክቴሪያን በሚገድለውና ሕዋስን በሚጎዳው መጠን መካከል በቂ ርቀት መኖሩ ይለካል። ብር ከዚህ ሌላ ጥርስን ሊያጠቁር ይችላል። ብርን ለረዥም ጊዜ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫነት ተለውጦ በዚያው ሊቀር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የብር ብጥብጦች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም አልተረጋገጠም ብሎ መወሰኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

አምስተኛ፤ በሕመምተኛ ላይ። ከላይ ያሉትን ሁሉ ያለፈ መድኃኒት፣ በእንስሳት ላይም ከታየ በኋላ፣ ፈቃዳቸውን በሰጡ ሰዎች ላይ ይሞከራል። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይለያል። የኤክስሬይ ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም የትኛው ጥርስ በየትኛው መድኃኒት እንደታከመ ባያውቅ ይመረጣል፤ አለዚያ ዓይኑ ወደሚወደው ያደላልና። አጥንት ቶሎ ስለማይሞላ ክትትሉ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዚህ ሥራ ጥድፊያ ቦታ የለውም።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሚያጠቃልል አንድ ጥናት እናንሣ። በ2014 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ በዴንቲን ቁራጮች ላይ የኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ ባዮፊልም ለአራት ሳምንት አሳደጉ። የብር ናኖ ቅንጣትንም በሁለት መንገድ ፈተኑት።

በመጀመሪያው መንገድ 0.1 በመቶ የብር ቅንጣት ያለበት ውሃ በመርፌ ለሁለት ደቂቃ አጠቡበት። ባዮፊልሙ አልፈረሰም፤ ውጤቱም ከጨው ውሃው ይህን ያህል የሚለይ አልሆነም። በሁለተኛው መንገድ ያንኑ ብር በ0.02 በመቶ መጠን በዝልግልግ ቅባት መልክ አዘጋጅተው ለሰባት ቀን አስቀመጡት። መጠኑ ከመጀመሪያው አምስት ጊዜ ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህኛው ባዮፊልሙ ፈረሰ፤ በሕይወት የተረፈውም ባክቴሪያ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከታከመው ያነሰ ሆነ።

ታዲያ «የብር ናኖ ቅንጣት ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ለሚጠይቀን ምን እንመልስ? ለሁለት ደቂቃ እጥበት አይሠራም፤ ለሰባት ቀን ማቆያ ተስፋ ይሰጣል፤ ይህም በላቦራቶሪ ባለ ቁራጭ ላይ እንጂ በሰው አፍ ውስጥ ገና አይደለም። መልሱ ረዘመ? አዎን ረዘመ። እውነቱ የዚያን ያህል ስለሚረዝም ነው።

ስለ «99 በመቶ»

በክርክራችን ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አሸንፎ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ቦይ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ እንበል። 99 በመቶ ቢሞት 10,000 ይቀራል። 99.9 በመቶ ቢሞት 1,000 ይቀራል። እነዚህ 1,000 በሰዓት አንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናሉ ብለን ብናስብ፣ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከሚሊዮን ያልፋሉ። ሁለትን አሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት 1,024 ነውና። እርግጥ በተሞላ ጥርስ ውስጥ ምግብ ስለማያገኙ እንዲህ አይፈጥኑም። ሐኪሙም ጥርሱን አጥብቆ የሚደፍነው የተረፈውን ለማስራብና አዲስ እንዳይገባ ለመከልከል ነው። ይሁን እንጂ «99 በመቶ» ሲባል መጠየቅ ያለብን ስንት እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደቀረና የቀረው የት እንደተደበቀ ነው።

ለእኛ ለመምህራን ምን ይረባናል?

ነገ በየገጠሩና በየከተማው ክፍል ስንገባ ናኖ ቅንጣት የሚፈትሽ ማይክሮስኮፕ አናገኝም። ማስተማሪያ ግን አናጣም። ድንቹን በክፍል ውስጥ እየከተፉ የገጹን ስፋት ማስላት ለሒሳብም ለሣይንስም ይሆናል።

ሌላም አለ። ቀለሙ ያለቀበት የእስክሪብቶ ቀሰም ወስዳችሁ አጥቡትና አንዱን ጫፍ በእሳት አቅልጣችሁ ድፈኑት። በክፍቱ በኩል ቀለም የገባበት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው አፉ ላይ ይቀራል፤ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ስለሌለው አያስገባውም። ቀጭን የሐኪም መርፌ እስከ ታች አስገብታችሁ ውሃውን ብትለቁት ግን ከታች ጀምሮ ይሞላል። መርፌውን የሚይዘው መምህሩ ይሁን፤ ያልተሠራበትና አዲስ መሆኑንም ያረጋግጥ። የጥርስ ሐኪም በቀጭን መርፌ የሚያጥበው ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያዩታል። ከዚያ «ውሃው ውስጥ ብዙ መድኃኒት ብንጨምርበትስ ይገባ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ትምህርቱ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹ አራት ጥያቄ ይዘው እንዲያድጉ እናድርግ። በምን ላይ ተፈተነ? ከምን ጋር ተወዳደረ? ለስንት ጊዜ? ጉዳቱስ ተለካ ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የለመደ ልጅ የጥርስ መድኃኒት ብቻ አይደለም የሚመዝንባቸው። የማዳበሪያ ማስታወቂያ ቢሆን፣ በገበያ ላይ የሚጮህ መድኃኒት ሻጭ ቢሆን፣ ወይም እኛው ራሳችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ነገር ቢሆን ይመዝናል። እኛንም ሲጠይቀን አንቆጣ።

የጓደኛችን ጥርስ የዳነው በአሮጌው መድኃኒት ነው፤ ያውም ብዙ ዓመት ተፈትኖ፣ ጉድለቱም ታውቆ፣ በጥንቃቄ በተሰጠው። አዲሱም ፈተናውን ጨርሶ ሲመጣ በደስታ እንቀበለዋለን። እስከዚያው ጥርሱን የሚያመው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በረኪናውም ከልብስ ማጠቢያው ዘንድ ይቆይ።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ተቃውሞ ወይም ማረሚያ ያለው አንባቢ ጽፎ ከጎኑ ይለጥፍልን፤ እናነበዋለን። ማስረጃውን ግን አብሮ መለጠፍ አይርሳ።